«አሟታል» ያልሁበት ቀን

አስካለዬ፣ የቤቴ ሰላም፤

ከተለየሽኝ ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። የአርባሽን፣ የሰማንያሽን፣ የሙት ዓመትሽን ጸሎት አስደርጌያለሁ፤ በዚህስ አትወቅሽኝም። የምትወቅሽኝ በሌላ ነው። እሱን ለመጻፍ ስሞክር ይህ ሦስተኛው ወረቀቴ ነው፤ ሁለቱን ቀድጃቸዋለሁ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል እንዳላለፈ ታውቂያለሽ፤ ቃል ቢያጥረኝ አንቺ ሙይልኝ።

አሁንም እዚያው ዲር ፓርክ ሰፈር ነን። ለልጃችን ለማርታ ብዬ የመጋዘን ሥራዬን የቀን ሺፍት አስደርጌያለሁ። ቁመቷ አልፎሻል፤ ጫማሽ ልክ ሆኗታል። በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። ወደ አማርኛ የምትመጣው በጣም ሲከፋት ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከካውንስሉ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ፣ ኢሜይል መጣ። ለጃንዋሪ ሃያ ስድስት በዓል፣ አዲስ ዜጎች ቃል በሚገቡበት አዳራሽ፣ ማርታ እንድትዘፍን ይፈልጋሉ። ትምህርት ቤቷ ስትዘፍን ሰምተዋት ነው። ዘፈኑ አንቺ ያስተማርሻት ያ የኦፔራ ዘፈን ነው። ነጭ የሀገር ልብስ ለብሳ ብትመጣ ደስ ይለናል ብለዋል። ወላጅ የሚፈርምበት ፎርም አለው። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬው፣ በበላሁ ቁጥር ሰሃኔን ከሱ ሳርቅ ሰነበትሁ።

ይኸው ጥያቄ መጀመሪያ የመጣው ለአንቺ ነበርና።

ዘፈኑን ያገኘሽው ከእማማ ፍሎራ ነው፤ ነፍሳቸውን ይማር። በምትሠሪበት የአረጋውያን ቤት ገላቸውን ስታጥቢ እሳቸው ይዘፍናሉ፣ አንቺ ትከተያለሽ። እቤት ሽንኩርት እየላጥሽ በጣልያንኛ ስታንጎራጉሪ «ምን እያልሽ ነው?» ብልሽ፣ «እንጃ፤ ግን ሴትዮዋ ተበድላለች» ብለሽ አሳቅሽኝ።

የደቡብ አፍሪካ ታሪካቸውንም ነገርሽኝ። በዚያ የአፓርታይድ ዘመን እማማ ፍሎራ «ክልስ» ተብለው የተመዘገቡ ልጅ እግር ልብስ ሰፊ ነበሩ። ቀን በፋብሪካ ውለው ማታ ከመሰሎቻቸው ጋር ኦፔራ ያጠናሉ። በከተማው ትልቅ አዳራሽ ሲዘፍኑ ነጮቹ ለብቻ፣ የገዛ እናታቸው ለብቻ ይቀመጣሉ። ኋላ መንግሥት ነጮች ወደዚያ አገር የገቡበትን በዓል ሲያከብር ዘምሩልን አላቸው። ግማሾቹ እምቢ አሉ። እማማ ፍሎራ ግን ካማርንላቸው እንደ ዜጋ ይቆጥሩናል ብለው ሄዱ። «በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አሳምሬ ዘፍኜ አላውቅም። የሚያሳፍረኝም እሱ ነው» አሉሽ። ይህን ስትነግሪኝ የእጅሽን ውኃ እንኳ አላደረቅሽም ነበር።

ከዚያ የእኛ የዜግነት ደብዳቤ መጣ፤ ለሁለታችን፣ ለጃንዋሪ ሃያ ስድስት። ማርታ እዚህ ስለተወለደች ከኛ ቀድማ ዜጋ ነበረች፤ የቀረነው እኛ ነን። በአረጋውያኑ ቤት ድግስ ላይ የሰማችሽ የካውንስሉ ሴትዮም እንድትዘፍኚ ጠየቀችሽ። እኔ በደስታ ማሪቢርኖንግ ገበያ ወርጄ ከረባት ገዛሁ። አንቺ ካላንደሩን አይተሽ እንዲህ አልሽ፦ «ጥር ዐሥራ ስምንት ነው። የሰማዕቱ የጊዮርጊስ አጥንት የተበተነበት። የዚህ አገር ጥንተ ባለቤቶች አቦሪጂኖቹም ነጮች የገቡብን፣ የእኛ አጥንት የተበተነበት ቀን ነው ብለው ያለቅሳሉ። እኔ ሰው በሚያለቅስበት ቀን አልዘፍንም፤ እጄንም አላነሣም። ሌላ ቀን ይስጡን።»

እኔ ምን አልሁሽ? «የሰው ሐዘን እኛን ምን አገባን? መጤ ቀን አያማርጥም» አልሁሽ። ፈርቼ ነበር፣ አስካለ። ወረቀት ሲሰጡሽ ቶሎ ካልተቀበልሽ የሚነጥቁሽ ይመስለኛል፤ አገር ቤትም እንደዚያው ነበርሁ። አንቺ ቀንሽን አስቀይረሽ ለመስከረም ተቀጠርሽ። እኔ ከረባቴን አስሬ ሄድሁ።

ሁለት ወንበር ጎን ለጎን ይዘውልን ነበር። የስም ዝርዝር የያዘችው ልጅ ባዶውን አይታ «ባለቤትህስ?» አለችኝ። «አሟታል» አልሁ። ቀን አስቀየረች ለማለት አፈርሁ። አንቺ ያን ሰዓት በሙሉ ጤናሽ እቤት ልብስ ታሰጪ ነበር። ከዚያ ተነሥቼ ከሰዉ ጋር የአገሩን መዝሙር ዘመርሁ፤ ደግሞም ከልቤ ነው የዘመርሁት።

ስመለስ ለአዲስ ዜጋ ሁሉ የሚሰጡትን ችግኝ ተቀብለሽ አጥሩ ሥር ተከልሽው፤ እንኳን ደስ ያለህ አልሽኝ። ውሸቴን ያወቅሽው በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነው። አዳራሹ ውስጥ የነበረች ሴት «ተሻለሽ ወይ እትዬ አስካለ?» ስትልሽ አንዴ ዞር ብለሽ አየሽኝ፤ ከዚያ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተሽሎኛል» አልሻት። ሸፈንሽልኝ። እቤት ገብተንም አላነሣሽውም። ምነው በሰደብሽኝ!

በሰኔ እውነት አመመሽ። በነሐሴ ቀበርሁሽ። የመስከረሙ ደብዳቤ በስምሽ መጣ፤ እኔ ከፈትሁት።

ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ተናገርሁ። ለውሸቱ ቀኖና ሰጡኝ፤ ጾምሁ፣ ሰገድሁ። ሟርት ነው የገደላት እንዳልል ገሠጹኝ። እሺ አልሁ፤ ግን «አሟታል» የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ አሁንም ይሰማኛል። ትቼሽ መሄዴንም ነገርኋቸው። «ይህስ ኃጢአት አይደለም ልጄ» አሉኝ። ኃጢአት ቢሆን ቀኖና ነበረው፣ አስካለ። ስግደት ነበረው፣ ማለቂያ ነበረው። ኃጢአት ካልሆነው ነገር ማን ይፍታኝ?

የባሰው ግን ይህ አይደለም። ለቅሶ ላይ ሰዉ ሁሉ «ምስኪን፣ ዜግነቷን እንኳ ሳትቀበል፣ ያኔም አሟት ቀረች» እያለ ሲያለቅስልሽ ዝም አልሁ። በሕይወትሽ የሠራሽውን ትልቁን ነገር እኔ በበሽታ ቀበርሁት። ማርታም የምታውቀው ይህንኑ ነው። «እማዬ አሟት ያልዘፈነችውን እኔ እዘፍንላታለሁ» ብላ ነው ፎርሙን ፈርምልኝ ያለችኝ።

ልፈርም እስክሪብቶ አነሣሁ፣ አልቻልሁም። አትዝፈኚ እንዳልላት ደግሞ እኔ ራሴ የዘመርሁበት አዳራሽ ነው። ትናንት ከሥራ ስመለስ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኋት፤ እማማ ፍሎራን፣ አንቺን፣ ወንበሩን። ከዚያ በአማርኛ «አባዬ፣ እማዬን አላመማትም ነበር?» አለችኝ። አላመማትም አልሁ። «ታዲያ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን አዘንሁላት? ልኮራባት ስችል!» አለችና በሯን ዘጋች። እራት አልበላችም። ዛሬ ጠዋት ፎርሙን ተገልብጦ አገኘሁት፤ በጀርባው «አልዘፍንም፤ ደውልላቸው» ብላ ጽፋበታለች፣ በዚያ ጠማማ ፊደሏ።

ደወልሁ። የካውንስሉ ሴትዮ አዝና «ምነው፣ አሟት ነው?» አለችኝ። ያውና ያ ቃል፣ እሷው ራሷ አቀበለችኝ። «አላመማትም» አልኋት፤ «አልዘፍንም ብላ ነው። እናቷም ያን ቀን አላመማትም ነበር።» «ኖ ዎሪስ»፣ ችግር የለም፣ አለችኝና ዘጋች። በቃ፣ ይኸው ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፣ አስካለ! ያን ጊዜ ብናገረው ምንም አይነጥቁኝም ነበር፤ አጠገብሽ ሆኜ መስከረምን እጠብቅ ነበር።

ማርታ እስካሁን አላናገረችኝም። ችግኝሽ ከአጥሩ አልፏል፤ ሳጠጣው ቀና ብዬ አላየውም። ስምሽ በተነሣበት ሁሉ ግን፣ በተዝካርም በማኅበርም፣ ሰዉ ቢታዘበኝም፣ አሟት ቀረች አልልም። ደኅና ነበረች፤ እምቢ አለች እላለሁ።

ያን ቀን ትቶሽ የሄደው ባልሽ፣
ደምሴ