አራተኛዋ ጨርቅ

የምወድሽ ልጄ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? በሆድሽ ያለውስ፣ ይራገጣል? የእግርሽ እብጠት ቀነሰልሽ? ባልሽ ደኅና ነው? በየተራ መልሺልኝ፤ አንዱንም እንዳትተዪ። እኛ ደኅና ነን። ይህን «ደኅና» ግን ከታች አርመዋለሁ።

በጥቅምት መጨረሻ ለመውለድ እንደምትመጪ በስልክ የነገርሽን ዕለት እናትሽ የፊት ለፊቱን ክፍል በኖራ ቀባች። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት እንደሚወለድ እኔም አውቃለሁ። መልስ ያዘገየሁት ደብተሬን ማየት ስለነበረብኝ ነው።

ደብተሩን ታውቂዋለሽ። ከአስተማሪነት ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ከአሮጌ ነጭ ሽርጤ የቆረጥኳቸውን ሦስት ጨርቆች ጣሪያ ላይ እሰቅላለሁ፤ አንዷን በኦምቪር የጡብ እቶን በኩል፣ አንዷን በሩዝ ማሳው በኩል፣ አንዷን የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ለስኳር በሚያፈሉት ሰዎች በኩል። በየሰኞው አወርድና ቀን ጽፌ እለጥፋቸዋለሁ። በክረምት ዝናቡ አየሩን ስለሚያጥበው ሦስቱም ነጭ ናቸው። በጥቅምት የሩዙን ገለባ ሲያቃጥሉ የማሳው ጨርቅ ይጠቁራል። ቀጥሎ አገዳ የሚያፈሉት ሰዎች አሮጌ ጎማና የጫማ ሶል መማገድ ይጀምራሉ። ነፋሱ ይቆማል፣ ጉም ይወርዳል፣ ጭሱም መውጫ አጥቶ እስከ ጥር ከእኛው ጋር ይከርማል። በየሠርጉ ቤት የምሰድበው የኦምቪር እቶን ለካ እስከዚያ አይለኮስም! ሄጄ ይቅርታ ብጠይቀው፣ «ማስተር ጂ፣ የስንት ዓመት ስድብ በአንድ ስኒ ሻይ ሊያልፍ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ዘንድሮ አራተኛ ጨርቅ ጨመርኩ። ለማነጻጸሪያ ንጹሕ ቦታ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ከነፋስ የተከለለ ነው ብዬ ኩሽናው ጥግ ሰቀልኳት። በመጀመሪያው ሰኞ ጥቀርሻ መስላ ወረደች። እናትሽ ድስት የጠረገችባት መስሎኝ ተቆጣኋት። በሁለተኛውም ሰኞ እንደዚያው። በሦስተኛው እጅ እንዳይደርስባት ከፍ አድርጌ ሰቀልኳት፤ ከአምናው የጥቅምት የማሳ ጨርቅ ብሳ ጠቁራ አገኘኋት። እናትሽ በሳቅ ፈረሰች። «አይ የልጄ አባት! ሠላሳ ዓመት ኩበት የነደደበት ቤት ንጹሕ ነው ብሎ የነገረዎት ማነው? ጠይቀውኝ ቢሆን ጨርቁም ባልባከነ!» አለችኝ። ሳቋን ሳል አቋረጠው። ሳሉ እስኪያልፍላት ግድግዳውን ተደግፋ ቆየች።

ልጄ፣ በመጀመሪያ ደመወዝሽ የገዛሽላት የጋዝ ምድጃ ጥልፍ ለብሶ ተቀምጦ ነበር፤ የሚለኮሰው ለእንግዳ ሻይ ብቻ ነበር። የኩበት እሳት ያልነካው ቂጣ አይጣፍጥም ያልኩት እኔ ነኝ። ሳሏንም እንደ ውሃ ፓምፑ ድምፅ የቤቱ ድምፅ አድርጌ ነው የኖርኩት። ደብተሬ ውስጥ ለእሱ የሚሆን መስመር አልነበረም።

ከዐሥራ አንድ ቀን በፊት የጭቃ ምድጃውን በገዛ እጄ አፈረስኩት። «ምን በደለዎት?» ብላ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ሳሉ ቀንሷል፤ አልተዋትም ግን። ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ፣ «ጉሙ ሳይወርድ ከዚህ ከተማ ያውጧት» አለኝ።

ስለዚህ አንቺ አትመጪም፤ እሷ ትመጣለች። አራት ቀን እምቢ አለችኝ። «ወላጅ በተዳረች ልጁ ቤት ውሃ እንኳ አይቀምስም! እኔ እዚያ ተቀምጬ ልጠወር? ሰው ምን ይለኛል?» አለች። ሰውማ ማለቱን ጀምሯል። ኦምቪር በገበያ መሐል፣ «ማስተር ጂ፣ ሚስትዎን ለልጅዎ ቀለብተኛ አደረጓት አሉ!» ብሎኛል። ያው ኦምቪር ነው እስከ ባቡሩ በመኪናው የሚያደርሳት፤ እናንተ እስካላችሁበት እስከ ማይሶርም ከእህቱ ጋር ትጓዛለች። የተስማማችው የራሷን ዱቄት፣ የራሷን ጨውና ከፓምፓችን የተቀዳ አንድ ማሰሮ ውሃ ይዛ ነው። ውሃው እስክትወልጂ የሚበቃት ይመስላታል።

እኔ ከደብተሬ ጋር እቆያለሁ። ትናንት በጋዙ ላይ ቂጣ ጋገርኩ፤ እናትሽ አገላብጣ አየችውና፣ «ይህን ደብተሩ ላይ ይለጥፉት» አለችኝ። በየሰኞው የጨርቆቹን ቁራጭ እልክልሻለሁ። ሲነጡ ሁላችሁም ትመጣላችሁ፤ የተቀባው ክፍል ይጠብቃችኋል።

ይህን ደብዳቤ ያመጣችልሽ እሷ ናት፤ ምን እንደጻፍኩ አልነገርኳትም። ሳሉ የባቡር ብርድ ነው ትልሻለች፤ አትመኛት። የሐኪሙ ወረቀት ከዚህ ጋር ታጥፏል፤ ለእሷ ሳይሆን ለአንቺው ሐኪም አሳዪ።

እግዚአብሔር በሰላም ያገላግልሽ። የልጅሽን የመጀመሪያ ትንፋሽ ንጹሕ ያድርገው። ለእናትሽም የቀረውን ዕድሜዋን በሰፊ ደረት ይስጣት።

አሁን ማንበቡን ተዪና ቀና በዪ። በር ላይ ቆማ አልጠማኝም ትልሻለች። ከማሰሮዋ ሳይሆን ከቤትሽ ውሃ፣ በገዛ እጅሽ አንድ ብርጭቆ ስጫት። እምቢ ካለች፣ ምድጃውን ያፈረሰው ሰውዬ እባክሽ ጠጪ ብሎሻል በያት።

አባትሽ