እናቴና አፈ ጉባኤው

ኅዳር 3

ቀኑን ሙሉ መጋረጃ ስሰፋ ዋልኩ። የሆቴል ነው፣ ግራጫ፣ እንደ ብርድ ልብስ የሚከብድ። ክንዴ ዝሏል። ቤት ስገባ እማዬ ከቴሌቪዥኑ ጋር ትጣላለች። ያ ዘፋኝ ሦስተኛ ሚስት ሊያገባ ነው።

«የመጀመሪያዋስ? ጫማው አፉን ከፍቶ ሲዞር ያበላችው እሷ አይደለችም?»

ሰውየውን አታውቀውም። ሴትዮዋንም አታውቃትም። ባለቤቴ ገና ሳይመሽ መኝታ ቤት ገብቷል... ሊተኛ ሳይሆን ሊያመልጥ።

እማዬ ወድቃ እጇን ከተሰበረች ወዲህ እኛ ጋ ናት። ከእንግዲህ ብቻዋን መኖር የለባትም ብሏል ሐኪሙ። እንግዲህ እንዲህ ልንኖር ነው?

ኅዳር 5

አዲስ ሚኒስትር ተሾመ። እማዬ ፊቱን አልወደደችውም። እራቱ በሙሉ በሰውየው ፊት ወሬ አለቀ።

ኅዳር 9፣ እሑድ

ወንድሜ ከሚስቱ ጋር እማዬን ሊጠይቅ መጣ። ከልጅነቱ ጀምሮ እሱ ሳይፈቅድለት የሚናገር ሰው አይወድም፤ ለዚህ ነው አፈ ጉባኤው የምንለው። መንግሥት ምንም ቢያደርግ ያጨበጭባል። እማዬ ደግሞ ምንም ቢያደርግ አትወድለትም። ገና ሳይቀመጥ ጀመሩ።

«እማዬ፣ ይሄ ሁሉ መንገድ ሲሠራ አይታይሽም?»

«ይታየኛል። በምን ልሂድበት? ታክሲውን እንደሆነ አስወደዳችሁት።»

«እኔ ነኝ ያስወደድኩት?»

«ሲያጨበጭብ የነበረው ማነው ታዲያ? ጎረቤት ነው?»

በደህናው እጇ ጠረጴዛውን መታች። እኔ የፈራሁት ለተሰበረው ነው። እሱ ኮቱን አንስቶ ወጣ። ሚስቱ በር ላይ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብላ «አንቺስ የምትችይው በሳምንት አንድ ቀን ነው» አለችኝ።

ኅዳር 10

በቃኝ። ሕግ አወጣሁ። በዚህ ቤት ፖለቲካ የለም፣ የዘፋኝ ጋብቻ የለም፣ ቴሌቪዥኑ ለዜና አይከፈትም። ባለቤቴ ደስ ብሎት «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» አለ።

«እህልም አይገባበትም» አለች እማዬ።

ወጥ ቤት ገብቼ ሳቅሁ። ፊቷ ከሳቅሁማ ሕጉ ፈረሰ።

ኅዳር 14

ሰላም። ባለቤቴ ሳሎን ተቀምጦ መጽሔት አገላበጠ። መቼ ነው እንዲህ ያረፍነው?

ኅዳር 19

እማዬ ምግቧን ግማሽ ትታ ተነሳች። ትናንትም እንደዚሁ። ምን ሆንሽ? ምንም። አመመሽ? ምንም። መስኮቱ ጋ ተቀምጣ መኪና ታያለች።

መቼስ የራሴን ሕግ ራሴ ጣስኩ። «ዘፋኙ ሠርጉን ሰረዘ አሉ» አልኳት።

«ይሁንለት።»

ይሁንለት? እማዬ? ደነገጥኩ። ሚኒስትሩ እኮ ክፉ ሰው አይመስልም አልኩ፣ ሆን ብዬ።

«ደግ» ብላ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ኅዳር 22

አፈ ጉባኤው ደወለ። ነገ መጥቶ ሊወስዳት ነው። ራሷ ደውላለት! ሮጬ ክፍሏ ገባሁ። በአንድ እጇ ልብሷን ታጣጥፋለች።

«እሱ ጋ? በሁለተኛው ቀን ነው የምትጣሉት።»

«በመጀመሪያው ነው እንጂ።»

«እኔ ምን አጎደልኩብሽ?»

«ምንም። አንቺ ጋ ሁሉ ሙሉ ነው።» ሹራቡ አልታጠፍ አላት፣ ተቀብዬ አጠፍኩላት። «ግን እንደ በሽተኛ ነው የምትሰሚኝ። እሱ እንደ ሰው ይጣላኛል።»

ሻንጣውን ዘጋሁላት። ባለቤቴ «ምርጫዋ ነው» አለ። ለእሱስ ሁልጊዜ ሁሉ ነገር የሌላ ሰው ምርጫ ነው።

ኅዳር 23

ሄደች። መኪናው ከመነሳቱ በፊት ስለ ነዳጅ ጀምረዋል።

ኅዳር 26

ባለቤቴ እራት ላይ «ጨው» አለ። ሌላ ቃል አልተነገረም። ድሮም እንዲህ ነበርን? ነበርን።

ኅዳር 30፣ እሑድ

እማዬን ልጠይቅ ሄድኩ። ጩኸታቸው ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማል፣ የሚኖሩት አራተኛ ላይ ነው። የወንድሜ ሚስት በሩን ከፍታ «ግቢ፣ ስብሰባው ተጀምሯል» አለችኝ። እማዬ ጀሶው ተፈትቶላታል፣ ጉንጯ ሞላ ብሏል። ሳህኗ ባዶ ነው።

«አንቺስ» አለችኝ፣ «ስለ አዲሱ ሚኒስትር ምን ትያለሽ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ምን አውቃለሁ ልል ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ስል የኖርኩት እሱን ነው።

«ውሸታም ይመስለኛል» አልኩ።

አፈ ጉባኤው ዘሎ ተነሳ። ማስረጃ አምጪ አለ። አመጣሁ። ማን ነገረሽ አለ። ዓይኔ አልኩት። አንቺ መጋረጃሽን ስፊ አለኝ! እማዬ እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆይቻለሁ። እኔ ግን ተናደድኩ፣ የምለው ጠፋኝ፣ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

ሁለተኛ ፎቅ ስደርስ መልሱ መጣልኝ። ተመልሼ ወጣሁና በሩን ደበደብኩ።