አልጋዋን ከግድግዳው ስላራቁልን

ለተከበሩ የአካባቢያችን የተቀናጀ የጤናና የደህንነት አገልግሎት ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰላም፣ ድንገት ቢወድቁም የሚያነሳዎ ሰው ከቅርብ የማይጠፋ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። በአደባባይ መጻፌ ምስጋናዬ ቢሮዎ በር ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር ብዬ ነው።

፩. በመጀመሪያ ስለ ቅንጅቱ አመሰግናለሁ። ቀድሞ የደም ግፊት የምትለካ ነርስ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ መደገፊያ የሚገጥም ባለሙያ እና እንዲሁ ቁጭ ብላ የምታጫውተን ሠራተኛ በየተራ ይመጡ ነበር። አሁን ተቀናጅተው አንድም ሰው የማይመጣበት ደረጃ ላይ ደርሰዋል። በእነሱ ፈንታ የሚናገር፣ ሲጫኑት እርዳታ የሚጠራ ቀይ ቁልፍ ያለው መሣሪያ በተራ ይታደለን ጀመር።

፪. ቀጥሎ፣ መጥፎ ልማዳችንን ስላስተዉን አመሰግናለሁ። ከጎኔ ባለው ክፍል ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ትኖር ነበር። አልጋዎቻችን ከአንድ ግድግዳ ወዲህና ወዲያ ነበሩ። ጠዋት እሷ በመቀሷ እጀታ ታንኳኳለች፣ እኔ በማንኪያ እመልሳለሁ፤ መልስ የጠፋ ዕለት ሄዶ ማየት ነው። ከዘገየሁ በሬ ላይ ቆማ፣ «አንተ መምህር፣ አለህ እንዴ? እኔ እኮ ቤቱ ተለቀቀ ብዬ ለእህቴ ልጅ ልነግረው ነበር!» ትለኛለች። መሣሪያዋን ሊተክሉ የመጡት ባለሙያዎ ይህን ሲሰሙ፣ በጎረቤት መደገፍ ራስን ችሎ መኖር እንደማይባል በትዕግሥት አስረዱን። የመሣሪያው መሰኪያ በወዲያኛው ግድግዳ ስለነበር አልጋዋን ወደዚያ አዞሩት፤ ማንኳኳቱም እንዲቀር አዘዙን። ረዘም ያለ ገመድ ቢገዛ ይበቃ ነበር ብዬ በማሰቤ ያኔ አፈርኩ።

፫. አንድ ጠዋት ወደቀች። ቁልፉ ከአልጋው ራስጌ ነበር፣ እሷ ወለሉ ላይ። ከወዲያ በኩል ደካማ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ተነሳሁ፤ ከዚያ «መሣሪያ አላት» ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። በማግስቱ በሩ ሲሰበር መቀሱ በእጇ ነበር፣ እጀታውን ወደ ወለሉ አድርጋ። ቢሮዎ ሲጠየቅ፣ ቁልፉ ስላልተጫነ እርዳታ አልፈለገችም የሚል መልስ ሰጠ። እኔም ባስተማርኩበት ዘመን ዝም ያለውን ተማሪ ሁሉ ገብቶታል ብዬ ባልፍ ኖሮ ሥራዬ ምንኛ በቀለለ! አሁንም ጠዋት ጠዋት ድምፁን እሰማዋለሁ፤ ስነሳ ይጠፋል።

፬. ወደ ጉዳዬ ልምጣ። አልጋዬን ጎትቼ ወደ ሌላኛው ግድግዳ ወስጃለሁ። ከዚያ ግድግዳ ወዲያ እግሩን የሚያመው የቀድሞ የጭነት መኪና ሹፌር አለ። «ጠዋት ካላንኳኳሁ በሩን ስበረው፤ አናጢውን ልጆቼ ይከፍሉታል፣ ለሌላ ነገርማ ከፍለው አያውቁም» ብሎኛል። ሐሙስ ሠራተኞችዎ መሣሪያውን ሊተክሉልን መጥተው የሁለታችንንም አልጋ ከግድግዳው እንደሚያነሱ ተነግሮናል። ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ አናስነካም። ነርሷን፣ መደገፊያ የሚገጥመውን፣ የምታጫውተንን ሠራተኛ ይመልሱልን። መሣሪያውም ይምጣ፤ አልጋው ግን ባለበት ይቆያል። ገመዱን እኛው እንገዛለን።

በቢሮዎ ዘንድ ራሳቸውን ችለው ከሚኖሩት የተቆጠርኩ፣ እውነቱን ለመናገር ግን በጎረቤቴ ጆሮ የምኖር፣ እስከ ሐሙስ ድረስ ታዛዥዎ፣

ጡረተኛው መምህር

ድኅረ ጽሑፍ፦ የሟቿ መሣሪያ እስካሁን አልተነቀለም። በየጠዋቱ በተቆለፈው ባዶ ክፍል ውስጥ «እማማ፣ ደህና አደሩ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጥቂት ይጠብቅና «ደህና በመሆንዎ ደስ ብሎናል» ይላል። በዚህ ግቢ ካለነው ሁሉ በአገልግሎትዎ ላይ ቅሬታ ያላቀረበች እሷ ብቻ ናት።