ከመጋዘን ስላልወጣው ትርፍ ጎማ

ለተከበሩ ጓድ ዓምደ ሚካኤል
የመሥሪያ ቤታችን የንብረትና የተሽከርካሪ ኃላፊ
ባሕር ዳር

መጋቢት 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

የተከበሩ ጓድ ኃላፊ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ጤና፣ ቀጥሎም በመጋዘን የሚገኘውን የላንድሮቨሬን ትርፍ ጎማ ጤና እጠይቃለሁ። እኔ ሾፌሩ ክንዱ ወገቤን ከማመሙና እንቅልፍ ከማጣቴ በቀር ደኅና ነኝ። ባለፈው ሐሙስ ስብሰባ ላይ ስለ ጥፋቴ ግለ ሂስ ጽፌ በማስታወቂያ ሰሌዳው እንድለጥፍ ስላዘዙኝ፣ ሠራተኛው ሁሉ በሚያነብበት ቦታ እርስዎን የማመስገን ዕድል አግኝቻለሁና ትዕዛዝዎን በአክብሮት ተቀብያለሁ። ጥፋቴም በቃለ ጉባኤው እንደ ሰፈረው፣ የመንግሥትን ጎማ ሣር በመጠቅጠቅ ማበላሸት ነው።

አንደኛ፦ ስለ ጥበቃው አመሰግናለሁ። ዐምና ከግቢያችን ሁለት ትርፍ ጎማዎች በተሰረቁ ጊዜ፣ የቀሩት ከየመኪናው ተፈትተው መጋዘን እንዲቆለፍባቸው ወሰኑ፤ ጎማ ከሌለ ክሪኩና መፍቻው ሥራ ስለማይኖራቸው እነሱም አብረው ገቡ። ከዚያ ወዲህ እውነት ለመናገር አንድም አልተሰረቀም። ጎማ የፈነዳበት ሾፌር የፈነዳውን ጎማ ይዞ ቀርቦ፣ ቅጽ ሞልቶ፣ ሦስት ኃላፊ አስፈርሞ ትርፉን ይረከባል። የፈነዳው ጎማ እዚህ እንዲቀርብ መኪናው መምጣት እንዳለበት፣ መኪናው እንዲመጣ ደግሞ ጎማ እንደሚያስፈልገው በዚያን ቀን አንዳችንም አላሰብንም። አንዳችንም ያልሁት እኔም እጄን አውጥቼ ስለ ደገፍሁ ነው፤ እንዲያውም ቀድመው ካጨበጨቡት አንዱ ነበርሁ። ግለ ሂስ ከተባለ የእኔ ይኸው ነው፤ አሁን አሁን እጆቼን ባየሁ ቁጥር አፍራለሁ።

ሁለተኛ፦ ስለ እንክብካቤው። የመጋዘን ጠባቂዋ ፀሐይወርቅ በመመሪያዎ መሠረት በየሰኞው የትርፍ ጎማዬን ነፋስ ትለካለች፣ የጎደለውን ታስሞላለች፣ በእርጥብ ጨርቅም ትወለውለዋለች። መሬት እንዳይነካ በጣውላ ላይ ቆሟል፤ በአንድ ጎኑ ብቻ እንዳያርፍ በየወሩ ይዞራል፤ ፀሐይ እንዳያገኘው መስኮቱ በጆንያ ተጋርዷል። እኔ ከእነ ልጆቼ እንዲህ ያለ እንክብካቤ አይቼ አላውቅም። መንገድ ላይ የሚውሉት አራቱ ጎማዎች ግን ጥርሳቸው አልቆ ለስልሰዋል፤ እነሱ መቼም ከመጋዘን ውጭ ስለሆኑ እርስዎን አይመለከቱም።

ሦስተኛ፦ ስለ ወረቀቱ ነው፣ ይህን ትንሽ ላርዝመው። በየመኪናው ውስጥ "የዚህ ተሽከርካሪ ትርፍ ጎማ በመልካም ይዞታ በመጋዘን ይገኛል" የሚል፣ ፊርማዎና ማኅተም ያረፈበት ወረቀት እንዲቀመጥ አድርገዋል። የካቲት 28 ቀን ሠራተኞች እንፍራንዝ አድርሼ ስመለስ፣ ወረታ ላይ የብርጓል የምትባል ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ይዘው መንገድ ዳር አስቆሙኝ። ባሏን አለበልን ከጎኗ አስቀምጬ ወደ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ገሠገሥሁ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ ሐሙሲት ሳንደርስ፣ የኋላው ጎማ ስለታም ድንጋይ ሰነጠቀው። የዕለቱ አውቶቡስ ቀድሞን አልፏል፤ ያገኘነው አንድ የጭነት መኪናም ወደ ጎንደር የሚወጣ ነበር፣ ጎማውም ለእኛ አይገጥምም። የምሠራውን ባጣ ወረቀቱን አውጥቼ አነበብሁት። አለበል ማንበብ ስለማይችል ምን እንደሚል ጠየቀኝ፤ ጎማ አለን ይላል አልሁት። የት እንዳለ ሲጠይቀኝ ወደ ባሕር ዳር በእጄ አመለከትሁት።

ከማሳው የመጡ ስድስት ገበሬዎች መኪናውን በትከሻቸው አንሥተው ድንጋይ ሸጎጡበት፤ አንዱ ማረሻውን ፈትቶ ሰጠኝ፣ በእሱ ጎማውን ከቸርኬው አላቅቀን ደረቅ ሣር ጠቀጠቅንበት። በዚህ ሁኔታ አርባ ኪሎ ሜትር ከእግረኛ ብዙም ሳንፈጥን ተጓዝን፤ ስድስት ሰዓት ፈጀ። የብርጓል መንገዱን ሁሉ ስትጮኽ ቆይታ ዘንዘልማ ስንደርስ ዝም አለች። ሐኪም ቤት ስንደርስ ከአለበል ጋር ተሸክመን አስገባናት። እናቲቱ ተረፈች። ሕፃኑ ወንድ ነበር። ሐኪሙ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ቢሆን ብሎ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው።

አራተኛ፦ ሣር የጠቀጠቅሁበት ጎማ ከጥቅም ውጭ መሆኑን አምናለሁ።

እንግዲህ ጓድ ኃላፊ ሆይ፣ ደክሞኛልና ልመናዬን አላበዛም። ሰኞ እንደገና ወደ እንፍራንዝ እንድሄድ ታዝዣለሁ። የወረታ ሰው መኪናዬን ካየ ማስቆሙን አይተውም፣ እኔም ከቆምሁ መጫኔን አልተውም። ስለዚህ ትርፍ ጎማው ከነክሪኩና ከነመፍቻው በተሠራለት ቦታ፣ በመኪናው ጀርባ ላይ እንዲታሰርልኝ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ይሰረቃል ብለው ከሠጉ እኔ መኪናው ውስጥ እተኛለሁ፤ መቼም እንቅልፍ የለኝም።

መጋዘንዎ ሳይጎድል፣ ቁልፍዎ ሳይጠፋ፣ ጎማዎ አፈር ሳይነካው ዕድሜ ልክ እንዲኖር ከልብ እየተመኘሁ፣

ቅጹን ለመሙላት ዘወትር ዝግጁ የሆንሁት
ክንዱ ገብረ መስቀል
የላንድሮቨር ሾፌር

ማስታወሻ፦ አለበል ትናንት ወደ ግቢያችን መጥቶ ነበር። ሊወቅሰኝ መስሎኝ ደነገጥሁ፤ እሱ ግን ለሚስቱ መትረፍ ሊያመሰግነኝ ኖሯል። ሲሄድ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ጎማ ላየው እችላለሁ ወይ አለኝ። ፀሐይወርቅ የመስኮቱን ጆንያ ገለጥ አደረገችለትና ብዙ ቆሞ አየው፤ በደንብ መቀመጡንም መሰከረ። ከዚያ ለማን እንደ ተቀመጠ ጠየቀኝ። እኔ ተራ ሾፌር ስለሆንሁ ኃላፊውን ጠይቄ እነግርሃለሁ ብዬ ሸኘሁት። ሰኞ በወረታ ሳልፍ መልሱን ሊሰማ መንገድ ዳር ይጠብቀኛል።