ለሬዲዮው ያልላክሁት ትዕዛዝ

ነሐሴ 3፣ 2006
እንጅባራ ዛሬም ጭጋግ ለብሳ ዋለች። አምቡላንስ በሚያሰማራው ድርጅታችን ሬዲዮ ፊት ተጎልቼ ዋልኩ። ለአለቃዬ ለአቶ ውብአየሁ፣ "ሬዲዮውን በኮምፒዩተር ማዘዝ ይቻላል። ሞገድ ለመቀየር ቁልፍ ማዞር ይቀራል" አልኳቸው።
"ትችለዋለህ?"
"ቀላል ነው!"
ማን ጠየቀኝ?

ነሐሴ 6
ገመዱን ሰካሁ። ትዕዛዝ ጻፍኩ... ዝም። ደግሜ ጻፍኩ... ዝም። ሬዲዮውን ሰደብኩት። ለካ ኮምፒዩተሩ የሚልክበትንና ሬዲዮው የሚቀበልበትን ፍጥነት አላስማማሁም! ስድቡ ለእኔ ነበር የሚገባው።

ነሐሴ 7
ሠራ! ቁጥር ስጽፍ ሞገዱ በራሱ ተቀየረ። ብቻዬን እስክስታ ወረድኩ። አቶ ውብአየሁ በር ላይ ቆመው ሲያዩኝ ኖሯል።

ነሐሴ 10
ምን ዓይነት ጉድ ነው!
ሬዲዮውን "አስተላልፍ" ብዬ አዘዝኩት። "አቁም" የሚለውን መላክ ረሳሁ። ማይክራፎኑ ተከፍቶ ቀረ። እኔ ደግሞ ብቻዬን ማውራት እወዳለሁ... ስሜነሽን፣ የጫግኒ ጣቢያችንን የሬዲዮ ሠራተኛ፣ ድምጿን እንጂ መልኳን የማላውቃትን፣ እንዴት ምሳ እንደምጋብዛት ጮክ ብዬ ተለማመድኩ። "ስሜነሽዬ" ሁሉ ብያለሁ!
ስልኬ ጮኸ። ራሷ ናት።
"ገሠሠ፣ ሬዲዮውን ልቀቅልን! አስማረ ምጥ የያዛት ሴት ሊያመጣ ከወጣ ቆየ። ቢጠራን እንኳ በአንተ ወሬ መሀል አይሰማም!"
ገመዱን ነቀልኩ። ሬዲዮውን አጥፍቼ አበራሁት። ወዲያው የሹፌሩ የአስማረ ድምፅ... "ኧረ የሰው ያለህ! ጭቃ ይዞኛል! ሴትዮዋ እየደከመች ነው!"
ሌላ መኪና ላክን። አመሻሽ ላይ ተደወለ። ሴት ልጅ ተወለደች፤ እናትም ደህና ናት። ጓሮ ዞሬ አለቀስኩ።

ነሐሴ 11
አቶ ውብአየሁ አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "ሴትዮዋ ብትሞት ኖሮስ?" ብቻ አሉ።
ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ጻፍኩት። አሁን እኔ ብረሳ እንኳ ማስተላለፉ ትንሽ ቆይቶ በራሱ ይቆማል። ራሴን አላምነውማ።

ጥቅምት 12፣ 2007
ጫግኒ። ሙቀቱ! የዚህን ጣቢያ ሬዲዮም ከኮምፒዩተር ላገናኝ ተልኬ መጣሁ። ስሜነሽ ረዥም ናት። እኔ በሐሳቤ በምን ምክንያት አጭር እንዳደረግኳት እንጃ...
"መጀመሪያ የትኛውን ትዕዛዝ ነው የምታሳየኝ?"
"ማቆሚያውን።"
"ለምን?"
በመኪናው ያመጣኝ አስማረ ከበሩ ላይ ሆኖ፣ "እሱን እኔን ጠይቂኝ!" አለ። ሳቅን። የእኔ ሳቅ ቶሎ አለቀ።
ምሳ ሰዓት ሲደርስ የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝ። "ስሜነሽ... ምሳ..." አልኩ።
"ያኔ በሬዲዮው እሺ ብዬህ ነበር እኮ" አለች ቦርሳዋን እያነሳች። "አላቆም ብለህ ነው ያልሰማኸኝ።"