በሥጋ መረቅ ውስጥ ስላልሞቱት የሐይቅ ተሕዋስያን

ለተከበሩ ፕሮፌሰር ሄልዱር ኪቪስቲክ
የሐይቅ ምርምር ተቋም ዳይሬክተር
ታርቱ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዲበዛ፣ የሳውና መታጠቢያዎም እንፋሎት እንዳይጎድል ከልብ እየተመኘሁ፣ ባልደረባዬ ኤርኪ ላኔ የቤተ ሙከራችን ኃላፊ ሆኖ በመሾሙ የተሰማኝን ደስታ በአደባባይ እገልጻለሁ። ደስታው እንቅልፍ ነስቶኛል።

አንደኛ፣ ስለ አሿሿሙ አመሰግናለሁ። ጉዳዩ እንደ ልማዳችን ሐሙስ፣ በወንዶች የሳውና ተራ፣ በበርች ዛፍ ቅጠል ጀርባ ጀርባችሁን እየተማታችሁ እንደተወሰነ ሰምቻለሁ። የእኛ የሴቶቹ ተራ ረቡዕ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ የወሰንነው የማን ፎጣ የት እንደሚሰቀል ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ለሹመት ያበቃውን ጥናት አደንቃለሁ። ሽታ የማይዝ ካልሲ የሚሠራው ፋብሪካ ጨርቁን የሚነክርበት፣ ከብር ማዕድን የተሠራ በዓይን የማይታይ ቅንጣት አለ። ይህ ቅንጣት ከእጣቢው ጋር ሐይቅ ቢገባ ተሕዋስያኑን ይጎዳ እንደሆነ ኤርኪ መረመረ፤ ተሕዋስያኑን ግን ያኖራቸው በሥጋ መረቅ ውስጥ ነበር። የመረቁ ጨውና ፕሮቲን ብሩን ይዞ ስላስቀረላቸው ጠግበው ተባዙ። ኤርኪም «ጉዳት የለውም» ብሎ ጻፈ፣ ፋብሪካውም እጣቢውን እንዲለቅ ተፈቀደለት። ሐይቃችን መረቅ እንዳልሆነ ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል።

እኔ በራሱ በሐይቁ ውሃ ሞከርኩት። አረንጓዴዎቹ አልጌዎች ነጡ፣ ባክቴሪያዎቹም አለቁ። ይህን በስብሰባ ላይ ብናገር ኤርኪ «ቪርቬዬ፣ ቅናት ያስረጅሻል፤ ይልቅ ሻይሽ ሳይቀዘቅዝ ጠጪ» አለኝ። እርስዎም ከት ብለው ሳቁ።

ሦስተኛ፣ አዎ፣ እቀናለሁ። መስኮት ባለው ክፍሉ እቀናለሁ፤ እርስዎ ትከሻውን ቸብ ሲያደርጉትማ ሆዴ ይቃጠላል። አልጌዎቹ ግን በማንም አልቀኑም፤ እንዲሁ ሞቱ።

ከምድር ቤቱ ክፍል ወደ ላይ እያንጋጠጥኩ፣ ለሥልጣንዎ መርዘምና ለላብዎ መብዛት የምጸልይ ትሑት አገልጋይዎ፣

ቪርቬ ኮፔል

ማስታወሻ፦ ውጤቴን በስሜ ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ብልክ መልስ የሚሰጠኝ አጣሁ። ስለዚህ አንድ ቃል ሳልለውጥ በኤርኪ ስም መልሼ ላክሁት፤ ፈቃዱ በማግሥቱ ታገደ። ኤርኪ «ይህን ጥናት አላውቀውም» ይላል ብዬ ስጠብቅ፣ ትናንት ክሪንግል የሚባለውን ጣፋጭ ዳቦ አስጋግሮ መጥቶ ስለ ጥናቱ የሁሉንም «እንኳን ደስ አለህ» በፈገግታ ተቀበለ። እርስዎም ትልቁን ቁራሽ አንስተው መረቁት። ሐይቁ በመትረፉ ደስ ብሎኛል፤ በቅናት ግን አሁንም እያረርኩ ነው።