የቆስጣው መደብና የሠርጉ ድንኳን

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ። ጠዋት 12፡30

ውኃ መጥታለች። በርሜሉን ሞላሁ፣ ባልዲዎቹን ሞላሁ፣ ከዚያ ቆስጣዬን አጠጣሁ። በማጠጫ፣ ቀስ እያልኩ። ትናንት በጎማ ለቀቅሁበትና ግማሹን መሬት ላይ አስተኛሁት። ዛሬ ቀና ብሏል። ቂም አይዝም መሰለኝ። ሰላጣው ደህና ነው። የቲማቲሙ ችግኝ ቢጫ ቢጫ ይላል። ኢምፔሪያል ማዞሪያው አጠገብ የሸጠልኝ ሰው ፍግ ጨምሪበት ብሎኝ ጨመርኩ፤ ሰፈሩ አፍንጫውን ይዞ ሰነበተ።

ካሮቱ የለም። ከዘራሁት ሰንብቷል፣ ምንም የለም። ሰሞኑን ጎንበስ ብዬ ስንከባከበው የነበረው አረም እንደሆነ ባለቤቴ ግርማ በረንዳ ላይ ቆሞ ነገረኝ። ሣቀብኝ። እሱ የገበሬ ልጅ ነው፤ እኔ የካዛንቺስ ልጅ፣ ጎመን ጉልት ላይ የሚበቅል ይመስለኝ የነበርኩ። ይሣቅ።

እትዬ ዘነበች፣ የአጥሩ ማዶ ጎረቤቴ፣ ትናንት ብቅ ብለው እንዴት ያምራል አሉ። ኧረ ምን አለው፣ እንዲያው ጊዜ ማሳለፊያ ነው፣ ወገቤን ፈጀኝ እንጂ አልኳቸው። ዓይን ፈርቼ ነው። ደግሞስ የገዛ ጎመኑን ቆሞ የሚያደንቅ ሰው ምን ይባላል?

ላንቺ ግን ልንገርሽ፣ ደብተሬ። ከመ/ቤት በጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ስነሣ የሚጠብቀኝ ነገር አልነበረም። አሁን አለ። ወድጄዋለሁ። በጣም ወድጄዋለሁ።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ። ጠዋት

ካሮት! ወጣ!

ሌሊቱን የበልጉ ዝናብ ጣለ። ጠዋት ስወጣ መስመሩን ይዞ እንደ ክር የቀጠነ አረንጓዴ ብቅ ብሏል። ግርማን ከነፒጃማው ጎትቼ አስመሰከርኩ። ጎንበስ ብሎ አየ። አረም አይደለም አለ። ዳኝነቱን ተቀበልኩ።

ልጄ ረድኤት ወደ ሥራ ስትወጣ በስልኳ አነሣችው። ቢሮዋ ሩዋንዳ ሰፈር ነው፣ ለሥራ ባልደረቦቼ ላሳያቸው አለች። ተዪ አልኳት፣ ምኑ ይታያል፣ ወገቤን ፈጀኝ ብዬ ደግሞ አማረርኩላት። አሳዘንኳት መሰለኝ፤ ለምን ታዲያ አታርፊም አለችኝ። ስትወጣ ተመልሼ ካሮቱን አየሁ።

ሠርጓ ግንቦት 3 ነው። ሽማግሌዎቹ ከቅበላ በፊት መጥተው ነገሩ አልቋል። አዳራሽ ነው ተባብለናል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ቀሚሴ ብቻ ነው።

መጋቢት 14፣ እሑድ። ከሰዓት

አዳራሹ ቀረ።

ከመ/ዓለም ቤ/ክ መልስ የግርማ ወንድም መጣ፣ የሙሽራው አጎት መጣ፣ ሽሮ በላን። ግርማ ድንገት ጉሮሮውን ጠረገ። ሠላሳ ዓመት የሰው ድንኳን እየገባሁ በልቻለሁ፣ የልጄን ሠርግ በኪራይ አዳራሽ አላደርግም፣ ሰዉ የኔን ደጅ ይርገጥ አለ። ድንኳን በግቢያችን። ሁሉም ትክክል ነው አሉ። ትክክልም ነው። ይሄ ነው የሚያናድደው።

ግቢያችን ውስጥ ድንኳን የሚይዝ ባዶ ቦታ አንድ ብቻ ነው። ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ካሮትና ቲማቲም ያለበት።

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ምን አልኩ መሰለሽ? እሰየው አልኩ። እልል ማለት ብቻ ነው የቀረኝ። ምን ልበል ታዲያ? የልጄ ሠርግ ይቆይ፣ ካሮቴ አልደረሰም ልበል? የሙሽራው አጎት ምን ይላል? እትዬ ዘነበች ምን ይላሉ? አሮጊቷ ነካ አደረጋት ነው የሚሉት።

ካሮቱ እስከ ሰኔ አይደርስም። ቲማቲሙም እንደዚያው። ቆጥሬዋለሁ።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

ዘዴ እየፈለግሁ ነው። ግርማን በግንቦት ዝናብ አስፈራራሁት። የዘንድሮ ድንኳን ውኃ አያስገባም አለኝ። ጭቃው አልኩት። ጠጠር እናስደፋለን አለ። ጠጠር! ካሮቴ ላይ! ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

ዛሬ ረድኤትን ከቢሮዋ ወስጄ ቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ አንድ አዳራሽ አሳየኋት። ለማወዳደር ያህል ብዬ። መብራቱ ሲያብረቀርቅ፣ ወንበሩ ነጭ በነጭ። አስተናጋጁን እንኳ አመሰገንኩት። ረድኤት ያምራል ማሚ፣ ግን አባቢ ድንኳኑን በጣም ፈልጎታል አለች። ከዚያ ቆም ብላ ዓይኔን አየችኝ፣ አንቺስ የቱን ትፈልጊያለሽ አለችኝ።

ይኸውልሽ፣ በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። ግቢ ብላኝ ነበር። እኔ ምን አለብኝ፣ እናንተ ደስ ይበላችሁ አልኳት። ታክሲ ውስጥ እስክንገባ ራሴን ስረግም ነበር።

መጋቢት 29፣ ሰኞ። ከምሳ በኋላ

የመጀመሪያውን ቆስጣ ቀጠፍኩ። ዳር ዳሩን፣ ከሥር ከሥሩ፣ መሐሉ እንዲያድግ። ቅጠሉ በእጅ ሲሰበር ድምፅ አለው፤ ከጉልት ስገዛ ይህን ሰምቼ አላውቅም። በዘይትና በነጭ ሽንኩርት አበሰልኩት። ግርማ በላ። ጨመርኩለት፣ በላ። ከዚያ ልጅ ሆኜ እናቴ ጓሮ የነበረው ይህን ይመስል ነበር አለ።

ያን ጊዜ ልናገር ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ድስቱን አነሣሁና ወደ ኩሽና ገባሁ።

ደስ ብሎኛል ግን። ደስታው ይበልጣል። አንድ እቅፍ ለእትዬ ዘነበች ላክሁ፤ ምንም አይደለም፣ ከሚበላሽ ብዬ ነው ይብሉልኝ አልኩ።

ሚያዝያ 7፣ ማክሰኞ። ሕማማት

በረዶ ጣለ። ሰላጣው ወንፊት ሆነ። ጉልበቴ ከስግደቱ ብዛት አልታዘዝ ብሎኝ በዱላ ተደግፌ ወጣሁ። ቲማቲሞቹ ወድቀዋል። አንድ በአንድ በእንጨት አቆምኳቸው፣ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ አሰርኳቸው። ሆስፒታል መሰለ። አንዷ አበባ ይዛለች። ቢጫ፣ ትንሽዬ። በሕማማት መሣቅ ባይገባም ሣቅሁ።

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

ፋሲካ አለፈ። ዶሮው፣ እንግዳው፣ ድካሙ። ሁለት ቀን መደቡን አላየሁትም፤ ዛሬ ስወጣ ቲማቲሟ ሽንብራ የምታህል ፍሬ ይዛለች። ደብተሬ፣ ሽንብራ የምታህል!

ከሰዓት የድንኳን ሰውዬ መጣ። ከግርማ ጋር ሜትር ዘረጉ። ሜትሩን የያዘው ሰው ካሮቱ መሐል ቆሞ ስልክ አነጋገረ፣ ረጅም ስልክ። እኔ ውኃ አቀረብኩላቸው። በትሪ። ግርማ ደስ ብሎታል፣ እንዲህ ሲሮጥ ካየሁት ቆይቷል። እዚህ ሙሽሮቹ፣ እዚህ ሽማግሌዎቹ፣ እዚህ የደብረ ብርሃን ዘመዶቼ እያለ በእጁ አሳየኝ። ሽማግሌዎቹ ቲማቲሜ ላይ ናቸው። የደብረ ብርሃን ዘመዶቹ ቆስጣው ላይ።

ይህን ሰው ምን ብዬ ላስከፋው?

ሚያዝያ 23፣ ሐሙስ። ማታ 1 ሰዓት



ጊዮርጊስን ላነግሥ በጠዋት ወጣሁ። ረድኤት ዛሬ ሥራ ዝግ ስለሆነ ቤት ነበረች። ስመለስ የግቢው በር ክፍት ነው። ሁለት የቀን ሠራተኞች ዶማ ይዘዋል። ቆስጣው የለም። ሰላጣው የለም። ካሮቱ ተነቅሎ፣ ታጥቦ፣ በሳፋ ላይ ተደርድሯል፤ የልጅ ጣት የሚያክል ካሮት። መሬቱ ተደልድሏል።

ረድኤት ሮጣ መጣች። ላቧ በግንባሯ ላይ። «ማሚ፣ ሰርፕራይዝ! ከዚህ ወገብ ሕመም ገላገልንሽ» አለችኝ። ከራሷ ደመወዝ ነው የከፈለቻቸው። ግርማ ከኋላዋ ቆሞ ይስቃል፤ ሐሳቡ የሷ ነው አለ።

ተባረኩ አልኩ። ሳምኳት። መኝታ ቤት ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ አለቀስኩ። ለእናቴ ያለቀስኩትን ያህል አለቀስኩ ብልሽ ታፍሪብኝ ይሆናል፣ ግን እውነት ነው።

በማን ልናደድ? ልጅቷ የሰማችውን አመነች። ወገቤን ፈጀኝ ያልኳት እኔ። ምን አለብኝ ያልኳት እኔ። ላንቺ የጻፍኩትን አንዱን መስመር እንኳ ለሷ ብነግራት ኖሮ ዶማ ይዞ የሚገባውን ሰው በጥርሷ ነበር የምትይዘው።

ቲማቲሙ ብቻ ቀርቷል። መሽቶባቸው ነው፤ ነገ ጠዋት መጥተው ይጨርሱታል።

ሚያዝያ 24፣ ዓርብ። ረፋድ

ተናገርኩ።

ሠራተኞቹ ሳይመጡ ወጥቼ ቲማቲሙ ፊት ቆምኩ። ጋቢ ለብሼ። ግርማ ምን ሆነሽ ነው በዚህ ብርድ አለ። ረድኤት ከኋላው መጣች። ቃሉን ሌሊት ሳዘጋጅ ነበር ያደርኩት፤ ሁሉም ጠፋኝ።

«ቲማቲሙን ማንም አይነቅልብኝም» አልኩ።

ግርማ ቀልድ መሰለው። ረድኤት ግን ፊቷ ተለዋወጠ። «ማሚ፣ አንቺ ራስሽ ፈጀኝ ስትይ አልነበር?»

«ዋሽቼ ነው» አልኳት። «ወድጄው ነው። ጠዋት የምነሣው ለሱ ነው።»

ከዚያ ግርማ ተቆጣ። እንግዳ ተጠርቷል፣ ድንኳኑ ተለክቷል፣ አሁን ነው የምትነግሪን፣ ለቲማቲም ብለሽ ሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው አለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው። እኔም አልተመለስኩም። ከቦታዬ አልተነቃነቅሁም። ቁርሱን ሳይበላ ኮቱን አንሥቶ ወጣ። ሠራተኞቹ ሲመጡ ረድኤት ራሷ ከበር መለሰቻቸው።

ከዚያ አቀፈችኝ፣ አለቀሰች፣ ይቅርታ ማሚ፣ ይቅርታ አለች። አንቺ ምን አጠፋሽ አልኳት፤ ይህን እንኳ ከልቤ ነው ያልኩት። ትናንት የተጣለውን ቆስጣ ክምር በረበርን። ሥሩ ያልደረቀውን መረጥን፣ ቲማቲሙ ጥግ ጥግ መልሰን ተከልነው። ሙሽራ በጥፍሯ አፈር ይዛ። ሁሉም አይጸድቅም። ጥቂቱ ይጸድቃል።

ግርማ እስካሁን አልመጣም።

ሚያዝያ 25፣ ቅዳሜ። ጠዋት 2 ሰዓት

ትናንት አምሽቶ ገባ፣ ሳያናግረኝ ተኛ። ዛሬ ስነሣ አልጋው ባዶ ነው። በመስኮት ሳይ ግቢ ውስጥ ሜትር ይዞ ይለካል። ብቻውን። አንዱን ጫፍ በድንጋይ ይጭናል፣ ሌላውን ይጎትታል፣ ድንጋዩ ይንሸራተታል፣ እንደገና ይመለሳል። ወጥቼ ጫፉን ያዝኩለት። ከቲማቲሙ ፊት ሲደርስ ቆመ፤ እዚህ ያበቃል አለ።

ለድንኳን ሰውዬው ደወለለት። ግማሹ ግቢ ውስጥ፣ ግማሹ ከበሩ ውጭ ኮብልስቶኑ ላይ ሆነ። የእትዬ ዘነበችን በር ስለሚዘጋ ራሱ ሄዶ አስፈቀዳቸው። እሳቸው ቲማቲሙ ሲደርስ ከላካችሁልኝ በሩ ለዘላለም ይዘጋ ብለውታል። የደብረ ብርሃን ዘመዶቹ ውጭ ሊቀመጡ ነው። ይሄ ይቆጨዋል፣ አውቃለሁ፤ በሙሉ ልቡ አይደለም ያደረገው። ያደረገው ግን እሱ ነው።

ከዚያ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ ቆምኩ። እኔ የከፋኝ ድንኳኑ አይደለም አለኝ።

«ሠላሳ ዓመት አብረን ኖረን፣ እንዴት አልነገርሽኝም?»

እንዳላስከፋህ ብዬ ነው ልለው ነበር፤ የሚሰማኝን መናገር አልለመድኩም ማለት ቀለለኝና እሱን አልኩት። መሬት መሬቱን አየ። ቀስ ብሎ፣ የፈራ በሚመስል ድምፅ ጠየቀኝ።

«ሌላስ ያልነገርሽኝ አለ?»

ቆይ፣ መጣሁ ብዬው ገባሁ። አንቺ ላይ ልጽፈው፣ እንደ ልማዴ።

አለ፣ ደብተሬ። ሻዬ ላይ ሁልጊዜ የሚጨምርልኝ ሦስተኛው ማንኪያ ስኳር አለ። አልጋዬ ራስጌ የተሰቀለው የእናቱ ፎቶ አለ። ረድኤት ሕፃን ሳለች የማታ ትምህርት ልቀጥል ፈልጌ፣ ማመልከቻውን ሞልቼ፣ እሱ ማታ ማታ ቤቱ ጭር እንዳይልበት ብዬ ቀድጄ የጣልኩት አለ። ይህን ላንቺም ጽፌልሽ አላውቅም።

በመስኮት ይታየኛል። ሁለተኛ ወንበር አውጥቶ አጠገቡ አድርጓል፣ በእጁ እየጠረገው ነው። ከስኳሩ እጀምራለሁ። ከስኳሩ መጀመር ይቀላል። ከዚያ ፎቶው፣ ከዚያ ማመልከቻው። ዘጋሁሽ፣ ደብተሬ።